ስም ዝርዝሩ ማን ዘንድ ነው?

ሰው ሲሞት ቤተሰብ የሚያደርገውን ያውቃል። መርዶ ነጋሪዎች ማልደው ይመጣሉ፤ እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ካህናት ፍትሐት ያደርሳሉ፤ አርባውና ሰማንያው ይቆጠራል፤ እንደ አቅም ተዝካር ይወጣል። የቀደሙትን በማሰብ አዊን የሚቀድም አገር ብዙ አይደለም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ዛሬም ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሱን ሸልሞ ዓድዋ የዘመቱትን ያወሳል።

ተይዞ ለሄደና ላልተመለሰ ሰው ግን ሥርዓት የለም። መርዶ ያመጣ ስለሌለ ለቅሶ አይቀመጡለትም፤ በሕይወት መኖሩን ያረጋገጠ ስለሌለም ልብ አያርፍም። ጎረቤት በመጀመሪያው ዓመት ይጠይቃል፤ በሦስተኛው እንዳያስከፋ ብሎ ይተወዋል። እናት በስለትና በሱባኤ ትጠብቃለች። ሚስት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 154 አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው መጥፋቱ እንዲታወጅ ለፍርድ ቤት ሊያመለክት እንደሚችል ይደነግጋል። ፍርዱ ሲጸና ጋብቻው ይፈርሳል፤ ውርሱ ይከፈታል። ሕጉ ቤትና መሬት ታግዶ እንዳይቀር አስቦ የተጻፈ ነው፤ ክፋት የለበትም። ማመልከቻውን የሚፈርመው ግን ቤተሰቡ ራሱ ነው። ዳኛ ፊት ቆሞ «ልጄ ጠፍቷል፤ ይታወጅልኝ» ማለት ለራስ መርዶ እንደመናገር ነው፤ እግርም እምቢ ይላል።

ኢትዮጵያውያን በባላንጣ መንግሥት እጅ ገብተው ሲቀሩ ማን ጠየቀላቸው? መልስስ የተገኘው መቼ ነው? ከፋሺስት ጣልያን ዘመን እስከ ዛሬ ያሉትን ጉዳዮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንድ ነገር ደጋግሞ ይታየኛል። የጦር ድልም ሆነ የመሪዎች መተቃቀፍ ብቻውን ሰው አልመለሰም። ወደ ቤቱ የገባው በአብዛኛው ስሙ በሦስተኛ ወገን መዝገብ ላይ የሰፈረለት ነው። ስሙ ያልተጻፈለት ሰላምም ወርዶ አልተገኘም።

ጎጃም ነገሩን ያየው ቀድሞ ነው። የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦራቸውን ይዘው ሽሬ ድረስ ዘመቱ። ከማይጨው ሽንፈት በኋላም በምዕራብ ሲዋጉ ቆይተው በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጃቸውን ሰጡ። ጣልያን ፖንዛ ወደምትባል ደሴት አጋዛቸው። ሙሶሊኒም በሐምሌ 1935 ከሥልጣን ሲወርድ ለጥቂት ቀናት የታሰረው በዚያችው ደሴት ነው፤ ያረፈበትም ቤት ራስ እምሩ የነበሩበት እንደሆነ ይነገራል። ራስ እምሩ ጣልያን እጅ ስትሰጥ ነጻ ወጥተው አገራቸው ገቡ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 እልቂት በኋላ አዚናራን ወደመሳሰሉ ደሴቶች ከተጋዙት መኳንንትና ቤተሰቦቻቸውም ብዙዎቹ ተመልሰዋል። እነዚህ የታወቁ ሰዎች ናቸው፤ የት እንዳሉም ይታወቅ ነበር።

ዳናኔ ሌላ ነው። ከሞቃዲሾ አጠገብ ባለው በዚያ እስር ሰፈር በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ታጉረዋል። እዚያ ታስረው የነበሩ አንድ ኢትዮጵያዊ ከጦርነቱ በኋላ በሰጡት ቃል ከ6,500 እስረኞች 3,175 ሞተዋል ብለዋል። የጣልያን ባለሥልጣናት ይህን አይቀበሉም፤ ቁጥሩ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ወስኗል፤ ስለተዘረፉ ቅርሶችም አንቀጽ አለው። የአክሱም ሐውልት ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ በ1997 ተመልሷል። ለሐውልት የተደረገው ውትወታ ለዳናኔ ሙታን ስም ተደርጎ ቢሆን ብዬ አስባለሁ፤ ጣልያን ሰነድ የማይጠፋባት አገር ናት።

የዚያድ ባሬ ሶማሊያ ጉዳይ ለብዙ ገበሬ ቤት ይበልጥ ቅርብ ነው። በ1969 ክረምት የሶማሊያ ጦር ሲገባ ደርግ ታጠቅ ጦር ሰፈር ያሰለጠነውን የገበሬ ሚሊሺያ ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን አዘመተ። ከጎጃም ገጠር ተነሥቶ በማያውቀው በረሃ የተማረከ ሰው ቤተሰቡ ዘንድ የሚደርስ ደብዳቤ ቀርቶ የተማረከበትን ቦታ ስም የሚነግርለት አልነበረውም። የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ነጻ ወጣች፤ ካራማራ እስከ ዛሬ ይከበራል። ምርኮኞቹ ግን በካራማራ አልተመለሱም። ድል ተበስሮ፣ ሜዳልያ ታድሎ፣ ሐውልት ቆሞ እነሱ ሞቃዲሾ ዙሪያ በእስር ቀሩ። በአየር ውጊያ የሶማሊያን ሚጎች በመጣል ስሙ የገነነው አብራሪ ለገሠ ተፈራ እንኳ 11 ዓመት ታስሯል። ጀግና መሆን የእስሩን ዘመን በአንድ ቀን አላሳጠረም።

ታዲያ እንዴት ተፈቱ? በመጋቢት 1980 የደርግ ጦር አፋቤት ላይ ተመታ። ለሰሜን የሚላክ ወታደር አስፈለገ፤ ወታደሩ ደግሞ በሶማሊያ ድንበር ተቀምጧል። ዚያድ ባሬም በሰሜን ሶማሊያ አማጽያን ተወጥሮ ነበር። ሁለቱ ጠላቶች በዚያው ወር ተስማሙ፤ ጦር ከድንበር ይነሣ፣ ምርኮኛ ይለዋወጥ ተባለ። በነሐሴ 1980 የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ አውሮፕላኖች ከ3,500 በላይ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው አመጡ፤ ከዚህ የሄዱት ሶማሊያውያን ጥቂት መቶዎች ነበሩ። ስምምነቱን የወለደው ለእስረኛ ማዘን አልነበረም፤ ሁለቱም መንግሥታት ወታደር ቸግሯቸው ነው። አስፈጻሚው ግን ስም እየጠራ አውሮፕላን ላይ የሚያሳፍር፣ የማንም ወገን ያልሆነ ድርጅት ሆነ። በዚህ ምክንያት ነገሩ ተፈጸመ። ባይሆን ኖሮ ሁለቱ መሪዎች ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከሥልጣን ተባርረው ስለነበር ማንን ማን ይጠይቅ ነበር?

የኤርትራው ጉዳይ ከሁሉም የከፋ ቁስል ነው፤ እስካሁንም አልተዘጋም።

ጦርነቱ በሚያዝያ 1990 ባድመ ላይ ተጀመረ። በግንቦት መጨረሻ የአየር ኃይሉ አብራሪ ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ አስመራን ሲደበድብ አውሮፕላኑ ተመታ፤ በሕይወትም ተማረከ። በዛብህ በደርግ ዘመንም በሻዕቢያ እጅ ወድቆ ነበር፤ በአንድ ዕድሜ ሁለት ጊዜ በዚያው ወገን የተያዘ ሰው ነው። መማረኩ የተደበቀ ነገር አልነበረም፤ ያኔ ዜናው በዓለም ተሰምቷል። ሆኖም የምርኮኞች ልውውጥ ሲደረግ አልመጣም። ሞቷል ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም።

በዛብህ ሲያዝ ኤርትራ ለጄኔቫ ስምምነቶች ገና አልፈረመችም። የፈረመችው በነሐሴ 1992 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ቀይ መስቀል በእጇ ያሉትን ኢትዮጵያውያን እንዲያይ አልፈቀደችም። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ የያዘቻቸውን ኤርትራውያን ኮሚቴው ይጎበኝ ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ቀይ መስቀል የጎበኘው እስረኛ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ስሙ ጄኔቫ ይመዘገባል፤ ቤተሰቡ ክፍት በሆነች ወረቀት የቤት ወሬ ብቻ የተጻፈባት መልእክት ይደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ያን ሰው ማጥፋት ከባድ ነው፤ «አናውቀውም» የሚል ውሸት አይቻልም። ከሁለት ዓመት በላይ ማንም ሳያያቸው የቆዩት ግን እንዲህ ያለ ዋስትና አልነበራቸውም። ያጠፏቸው እንደሆነ የሚያጋልጥ ወረቀት የለም።

የአልጀርስ ስምምነት በታኅሣሥ 1993 ተፈርሞ ምርኮኞች ሳይዘገዩ ይፈቱ አለ። ኤርትራ የቀሩትን በነሐሴ 1994፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በኅዳር 1995 ለቀቀች። በስምምነቱ የተቋቋመው የይገባኛል ኮሚሽን በሰኔ 1995 ስለ ጦር ምርኮኞች የሰጠው ውሳኔ ሊነበብ የሚገባው ነው። ኤርትራ ምርኮኞች ሲያዙ መገደላቸውንና መደብደባቸውን ባለመከላከሏ፣ ጫማቸውን አስወልቃ በእሾህና በድንጋይ ላይ በማስጓዟ፣ ቀይ መስቀልንም በመከልከሏ ተጠያቂ ናት አለ። ኢትዮጵያም መልቀቅ ከሚገባት ጊዜ በማዘግየቷ ተጠያቂ ሆነች። በነሐሴ 2001 የካሳው መጠን ተወሰነ፤ ለኢትዮጵያ ወደ 174 ሚሊዮን ዶላር፣ ለኤርትራ ከዚያ ጥቂት ያነሰ። የጫማውም፣ የድብደባውም በደል በገንዘብ ተተመነ። «ያልመጣው ሰው የት አለ?» የሚለውን ግን ካሳ አይመልሰውም፤ ኮሚሽኑም እስር ቤት ገብቶ የሚፈትሽበት ሥልጣን አልነበረውም።

ምርኮኛ ወታደር ቢያንስ ዩኒፎርም ለብሶ የተያዘ ነው። በኤርትራ ድንበር የሚኖረው የኢሮብ ሕዝብ ነገር ከዚህም ይብሳል። ዓሊቴናና አካባቢዋ በኤርትራ ጦር ተይዘው በነበሩበት ጊዜ ከየቤታቸው የተወሰዱ ሲቪሎች አሉ፤ ቤተሰቦቻቸው እስከ ዛሬ ስማቸውን ይዘረዝራሉ። ጥቂት ሕዝብ ባለበት ወረዳ እንዲህ ያለ ነገር የማይነካው ቤት የለም። ዝርዝሩን የያዘው ራሱ ተጎጂው ሕዝብ ነው፤ ሌላ አንባቢ አጥቶ።

ከዚያ ሐምሌ 2 ቀን 2010 መጣ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኢሳያስ አፈወርቂ አስመራ ላይ የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ ፈረሙ። አምስት ነጥብ አለው፤ የጦርነቱ ሁኔታ ማብቃቱ፣ ትብብሩ፣ ንግድና ትራንስፖርቱ ከስልኩ ጋር፣ የድንበሩ ውሳኔ መፈጸሙ፣ የቀጣናው ሰላም። ስለ ጠፉ ሰዎች አንድ ቃል የለበትም። ያን ሰሞን ሰው በማያውቀው የአስመራ ቁጥር እየደወለ ሲላቀስ ደስ ያላለው አልነበረም፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ደስታው ግን ጥያቄውን ዋጠው። «አሁን ይህን ማንሣት ሰላሙን ያደፈርሳል» የሚለው አስተሳሰብ በመንግሥት ቤት ብቻ ሳይሆን በጋዜጠኛውም ዘንድ ነበር። ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ የትግራይ ጦርነት ፈነዳ፤ የኤርትራ ጦርም ገባ። በአሮጌው የጠፉ ሰዎች ዝርዝር ላይ አዲስ ተጨመረ።

ከዓለም በዚህ ጉዳይ ስሟ የሚነሣው ጃፓን ናት። እ.ኤ.አ. በ1977 ኅዳር ወር ኒጋታ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሜጉሚ ዮኮታ የምትባል የ13 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠፋች። የሰሜን ኮሪያ ሰላዮች ወስደዋት ነበር። ቤተሰቦቿ 20 ዓመት ምንም አላወቁም። በ1997 የተጠቂ ቤተሰቦች ማኅበር አቋቋሙ፤ ፊርማ አሰባሰቡ፤ ምክር ቤት አስጨነቁ። በ2002 ጠቅላይ ሚኒስትር ኮይዙሚ ፒዮንግያንግ ሲሄዱ የሰሜን ኮሪያው መሪ ኪም ጆንግ ኢል 13 ጃፓናውያንን መውሰዳቸውን አመኑ፤ አምስት ሰዎች በሕይወት ተመለሱ። የቀሩት ሞተዋል ተባለ፤ የሜጉሚ ነው ተብሎ የተላከውን አጥንት ግን ጃፓን መርምራ የሌላ ሰው ነው አለች። የጃፓን መንግሥት በይፋ የሚቆጥራቸው 17 ሰዎች ናቸው። 17 ሰው! ለእነዚህ የካቢኔ ሚኒስትር ተመድቦላቸዋል። አባቷ ልጃቸውን ሳያዩ በ2020 አረፉ። ሀብታም አገር፣ ሙሉ ዝርዝር፣ የማይታክት ቤተሰብ ይዛም ጃፓን ሁሉን አላገኘችም። ያም ሆኖ ማንም የጃፓን ባለሥልጣን «እነማን ናቸው?» ተብሎ ሲጠየቅ አይደናገርም።

የእኛን ለማነጻጸር አስመራ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከደምቢዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ አማራ ክልል ቤተሰቦቻቸው ሲጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ታገቱ። እርግጥ እዚህ አጋቹ ታጣቂ እንጂ ባላንጣ መንግሥት አይደለም። የሚያስተምረው የመልሱ ዓይነት ነው። በጥር ወር ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት 21 ተማሪዎች መለቀቃቸው ተነገረ። ወላጆች «ልጆቻችን አልመጡም፤ አልደወሉም» አሉ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ታግተዋል ያላቸው ተማሪዎች 17 ናቸው፤ ተለቀቁ የተባሉት ቁጥር ከታገቱት በለጠ። ጥር 19 ቀን በአማራ ክልል ከተሞች ሕዝብ ሰልፍ ወጣ። ከመንግሥት የሚፈለገው ቁጥር አልነበረም፤ 21 መስመር ያላት፣ በእያንዳንዱ መስመር አንድ ስም የተጻፈባት ወረቀት ነበረች። አልመጣችም።

እዚህ ላይ ሰው ሊሸሸው የሚወደው ነገር ይመጣል። የኢትዮጵያ መንግሥታት የተሰወሩ ዜጎቻቸውን አጥብቀው የማይጠይቁት ራሳቸውም ስለሚጠየቁ ነው ብዬ አምናለሁ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 አዲስ አበባ ላይ ተወሰዱ፤ ቤተሰባቸው አስከሬናቸውን ያገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ነው። ደራሲ በዓሉ ግርማ የካቲት 6 ቀን 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ፤ የተገኘው መኪናው ብቻ ነው። ደርግ ሶማሊያ ስላሉት ምርኮኞች ሲናገር አዲስ አበባ ውስጥ ስንት እናት የልጇን ስም ይዛ ከእስር ቤት እስር ቤት ትንከራተት እንደነበር ያ ትውልድ ያውቃል። በ1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ከአርጀንቲና የመጡ የአጥንት መርማሪዎችን እርዳታ አግኝቶ የጅምላ መቃብሮችን አስከፍቷል። ለአንዳንድ ቤተሰብ መልስ የመጣው በዚያ መንገድ ነው። የበዓሉ ቤተሰብ አላገኘም።

ኢሕአዴግም ከዚህ አልተረፈም። የተቃዋሚ መሪ የነበሩት አቶ አንዳርጋቸው ጽጌ ሰኔ 16 ቀን 2006 ሰንዓ አውሮፕላን ማረፊያ ተይዘው ወደ አዲስ አበባ መጡ። የእንግሊዝ ዜጋ ናቸው፤ ጠያቂዋ ለንደን፣ ተጠያቂዋ አዲስ አበባ ሆነች። ለሳምንታት የት እንዳሉ ቤተሰባቸው አላወቀም። በግንቦት 2010 ተፈቱ። ከአንድ ወር ትንሽ አልፎ የአስመራው መግለጫ ተፈረመ።

የአዊዋ ዳንግላም ወደዚህ ዳሰሳ የምትገባው በዚህ በኩል ነው። ከመስከረም 18 ቀን 2017 ጀምሮ በአማራ ክልል ሰፊ የጅምላ እስር ተካሄደ፤ መምህራን፣ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ዳኞችና ዐቃቤያነ ሕግ ጭምር ተያዙ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በአራት ጊዜያዊ ማቆያዎች ያለ ክስ እንደታሰሩ ገልጿል፤ ከአራቱ አንዷ ዳንግላ ናት። መንግሥት የሕግ ማስከበር ሥራ ነው ይላል። ያ ክርክር ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። የታሰረ ሰው ስም ተጽፎ በር ላይ ለሚጠይቅ ይነገራል ወይስ አይነገርም? በፍርድ ቤት ትእዛዝ የታሰረ ሰው ታሳሪ ነው፤ ስሙ የትም ያልተመዘገበ ሰው ግን የተሰወረ ሰው ነው፤ ያሰረው ማንም ይሁን ማን። በጫካ ያሉት ታጣቂዎች ለገንዘብም ሆነ ለበቀል የሚያግቱትም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ላይ በግዳጅ ሰውን መሰወር በይርጋ የማይታገድ፣ በምሕረትም የማይታለፍ ወንጀል ያደርገዋል። ጥሩ አንቀጽ ነው። ሰውን ከመሰወር የሚጠብቀውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ግን ኢትዮጵያ እስካሁን አላጸደቀችም። በሚያዝያ 2016 የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እውነት ማፈላለግን ይዟል፤ በአማራ ክልል ተኩስ ሳይቆም ግን ማን ወጥቶ እንደሚመሰክር አይታየኝም።

ወደ አስመራው ልመለስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሐምሌ 2010 ጀምሮ አስመራ ይመላለስ ነበር፤ በረራው በነሐሴ 2016 መጨረሻ ተቋረጠ። በዚያ ስድስት ዓመት ውስጥ ሚኒስትሮች ተጉዘዋል፤ የጦር መኮንኖች ተጉዘዋል፤ ሽማግሌዎችና ዘፋኞች ተጉዘዋል። የኮሎኔል በዛብህን ስም፣ የኢሮብ ሲቪሎችን ስም፣ ከልውውጡ የቀሩትን ወታደሮች ስም የያዘ ዝርዝር በይፋ ይዞ የሄደ ልዑክ ስለመኖሩ አልሰማሁም። አሁን ሁለቱ መንግሥታት እንደገና ጎሪጥ እየተያዩ ነው፤ በቀጥታ የሚጠይቅ ሰው የለም። የቀረው የቀይ መስቀል መንገድ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚጀምረው በቤተሰብ ማመልከቻ ነው። ሙሉ ስም፣ የአያት ስም፣ የትውልድ ቀበሌ፣ የዘመተበት ክፍለ ጦር፣ መጨረሻ የታየበት ቦታና ቀን ይጠየቃል። እነዚህን አምስት ነገሮች የሚያውቁት ወላጆች አርጅተዋል። ከዓሊቴና እስከ ዳንግላ ቤት ለቤት ሄዶ፣ ቢያንስ እነሱ ሳያልፉ፣ ይህን የሚጽፍ መሥሪያ ቤት እስካሁን አላየሁም።